ቡናን ፍለጋ በካሊፎርኒያ ተራሮች

እማዬ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልላ በእጅ ቦርሳዋ ይዛ ነው የመጣችው። ሻንጣ ውስጥ ከገባች ትሰበራለች ብላ እስከ ሎስ አንጀለስ ድረስ ጭኗ ላይ አድርጋት ነበር። እኔም ለእሷ ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ። ቡና የምትባል ኮከብ ላሳያት ቃል ገብቻለሁ።

እንዲህ የምትባል ኮከብ እንዳለች ብዙ ሰው አልሰማም። በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ አገሮች አንዳንድ ኮከብና በዙሪያዋ የምትዞር ፕላኔት እንዲሰይሙ ጋበዘ። ለእኛ የደረሰችን ኮከብ እስከዚያ ድረስ ኤችዲ 16175 በሚል ቁጥር ብቻ የምትታወቅ ነበረች። ቡና ተባለች። ፕላኔቷ ደግሞ አቦል። ስሞቹ ይፋ የሆኑት ዲሴምበር 17 ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና መጠቀች። ያን ሳምንት ደስታዬን የምነግረው ሰው ነበር ያጣሁት።

ቡና በባዶ ዓይን አትታይም። ባይኖኩላር ግን ይበቃታል። ዋናው ነገር ጨለማ ነው። ሎስ አንጀለስ ደግሞ ጨለማ የሚባል ነገር አታውቅም። ስለዚህ ጨረቃ የማትኖርበትን የኦክቶበር ሳምንት ጠብቄ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። በመንገዳችን ላይ ሦስት ተራሮች አሉ። ሦስቱም ላይ ትልልቅ ቴሌስኮፖች አሉ። መጨረሻችን ሳን ሆዜ፣ ወንድሜ ቤት ነው።

ቀን 1፣ ረቡዕ

ምሳ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በላን። ከተማዋ ከ2002 ጀምሮ በይፋ ሊትል ኢትዮጵያ ብላ የሰየመችው ሰፈር ነው። ለመንገድ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ገዛን።

ማታ ግሪፊዝ ኦብዘርቫቶሪ ወጣን። ከ1935 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። ጣሪያው ላይ ያለው የዛይስ ቴሌስኮፕ ሌንሱ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ማንም ሰው ተሰልፎ በነጻ ያይበታል። ተራችን ሲደርስ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ደረጃውን ወጣች። ዓይኗን አስጠጋች። ዝም አለች። ከኋላችን የተሰለፉት መንቆራጠጥ እስኪጀምሩ ድረስ ዝም አለች።

«ቀለበት አላት» አለች በመጨረሻ።

ሳተርን ናት። ያን ሰሞን ቀለበቷ በጎኑ ስለዞረብን ቀጭን መስመር መስሎ ነበር የሚታየው። በየ15 ዓመቱ ገደማ እንዲህ ይሆናል። እማዬ ግን ቅጥነቱ አላሳሰባትም። የፕላኔት ፎቶ የሚባለውን ሁሉ ሰው በእጁ የሣለው ይመስላት እንደነበር ስንወጣ ነገረችኝ።

ከሰገነቱ ላይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞረን ካሲዮፒያ የምትባለውን የኮከቦች ስብስብ ፈለግን። የከተማው ብርሃን ቢያደበዝዛቸውም አምስቱ ኮከቦች ዚግዛግ ሠርተው ይታያሉ። የግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንግሥት ይላታል። ባሏ ንጉሥ ሴፌውስ አጠገቧ አለ። ልጃቸው አንድሮሜዳ ከሥር ናት። ንግሥቲቱ በልጇ ውበት ስለታበየች የባሕሩ አምላክ ተቆጥቶ አውሬ ላከባቸው። ልጅቷም ለአውሬው እንድትሰጥ ከቋጥኝ ጋር ታሰረች። ፐርሴውስ የሚባል ጀግና ደርሶ አዳናት።

ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ የዛሬዋን አገራችንን ለይተው ማለታቸው አልነበረም። ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር እንዲያ ይሉት ነበር። ታሪኩን በዛሬዋ እስራኤል ባለው በያፋ ወደብ ላይ የሚያደርጉትም ነበሩ። ይሄንንም ሳልደብቅ ነገርኳት። በኋላ የመጡ የአውሮፓ ሠዓሊዎች አንድሮሜዳን ነጭ አድርገው እንደሣሏትም ነገርኳት። ይሄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እማዬን የከነከናት ግን ሌላ ነው።

«እናቲቱ በተናገረችው ልጅቷ ታሰረች?» አለች። «ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

የኛዋ ቡና ያለችው በዚህችው ልጅ ህብረ ኮከብ፣ በአንድሮሜዳ ውስጥ ነው። አሰያየሙ ላይ የነበሩት ሰዎች ይሄን ሲያዩ ምን ተሰምቷቸው ይሆን እያልኩ ነው የነዳሁት።

ቀን 2፣ ሐሙስ

ማውንት ዊልሰን ከፓሳዲና ጀርባ ነው፤ 1,740 ሜትር ከፍታ ላይ። መንገዱ ይጠማዘዛል። እማዬ አንድ እጇን በሩ ላይ፣ አንድ እጇን መስቀሏ ላይ አድርጋ ወጣች። በ2020 የሰደድ እሳቱ እስከ ቴሌስኮፖቹ ደጃፍ ደርሶ በእሳት አደጋ ሠራተኞች ብርታት ነው የተረፉት።

እዚህ ያለው ትልቁ ቴሌስኮፕ መስተዋቱ 2.5 ሜትር ነው። በ1917 ሥራ ሲጀምር በዓለም ላይ እሱን የሚያህል አልነበረም። ከመስታወት ጀርባ ቆሞ ማየት ይቻላል። ብሎን በብሎን የተያያዘ ጥቁር ሰማያዊ ብረት ነው፤ የድሮ የባቡር ድልድይ ይመስላል። ያን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው ሜርኩሪ ነው። ብረቱ ፈሳሹ ላይ ስለሚንሳፈፍ ያለ ብዙ ጉልበት ይዞራል።

እማዬን የያዛት ግን የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ሚልተን ሁማሰን ይባላል። ትምህርቱን በ14 ዓመቱ ያቋረጠ ልጅ ነበር። ኦብዘርቫቶሪው ሲሠራ በበቅሎ ዕቃ እየጫነ ወደ ተራራው ያመላልስ ነበር። በኋላ ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሌሊት ሌሊት ሥራውን እያየ ተማረ። መጨረሻ ላይ የሩቅ ጋላክሲዎችን ብርሃን በመለካት ከኤድዊን ሀብል ጋር አብሮ የሠራ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሆነ። የእማዬ አባት በላስታ በቅሎ ጭነው የሚነግዱ ሰው ነበሩ።

«በቅሎ ነጂ?» አለችኝ። «ሌሊት ከበቅሎ ጋር ያደረ ሰው ሰማይ ቢያውቅ ምን ይገርማል? አባቴም በኮከብ ነበር የሚነሳው።»

ስለ ሴፌውስም እዚሁ ነገርኳት። በ1923 ኦክቶበር ላይ ሀብል በዚህ ቴሌስኮፕ የአንድሮሜዳን ደብዛዛ ደመና ፎቶ አነሳ። ያኔ ይህ ደመና የኛው ጋላክሲ፣ የፍኖተ ሐሊብ አካል ነው ወይስ ከውጭ ያለ ሌላ ዓለም ነው የሚል ትልቅ ክርክር ነበር። ሀብል በፎቶው መስታወት ላይ አንዲት ነጥብ አይቶ አዲስ ኮከብ መስላው ምልክት አደረገባት። ከድሮ ፎቶዎች ጋር ሲያስተያይ ነጥቧ ብርሃኗ ከፍ ዝቅ የሚል ሆና አገኛት። ምልክቱን ሰርዞ «ተለዋዋጭ!» ብሎ ጻፈ።

እንዲህ ያሉ ኮከቦች እንደ ልብ ትርታ በልክ ይበራሉ፣ በልክ ይደበዝዛሉ። ትርታዋ የዘገየ ኮከብ በእውነትም ይበልጥ ደማቅ መሆኗን ሄንሪየታ ሌቪት የምትባል ሴት ከዚያ በፊት አግኝታዋለች። ትርታውን ከቆጠርክ ድምቀቱን ታውቃለህ፤ ድምቀቱን ካወቅህ ርቀቱን ታሰላለህ። ደመናው ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለ ሌላ ጋላክሲ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ርቀቱ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት እንደሆነ ይታወቃል። እነዚህ ተለዋዋጭ ኮከቦች ሴፌይድ ነው የሚባሉት። ስማቸው የመጣው በሴፌውስ ውስጥ ካለች ኮከብ ነው። የልጅቷ ጋላክሲ ርቀት የተለካው በአባቷ ስም በሚጠሩ ኮከቦች ነው ማለት ነው።

ቀን 3፣ ዓርብ

ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ተኩል ነዳሁ። የፓሎማር ጉልላት ከዛፎቹ በላይ ነጭ ሆኖ ብቅ ሲል እማዬ አማተበች። «የማን ቤተ ክርስቲያን ነው?» አለች። አልፈረድኩባትም። ቁመቱ 41 ሜትር ነው። ወደ ሺህ ቶን ይመዝናል፤ ግን ያለ ድምፅ ይሽከረከራል።

ውስጥ ያለው መስተዋት 5 ሜትር ስፋት አለው። የተሠራው ከፓይሬክስ ነው፤ ምድጃ ውስጥ የምናስገባው ትሪ ከሚሠራበት ብርጭቆ። በ1934 ቀልጦ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ከተፈሰሰ በኋላ እንዳይሰነጠቅ ወራት ፈጅተው ቀስ እያሉ አቀዘቀዙት። ለመሞረድ ደግሞ ዓመታት ሄደ። መሐል ላይ ጦርነት ገባ። ቴሌስኮፑ የተመረቀው በ1948 ነው።

ሱፐርኖቫ የሚለው ስም የወጣው ከዚህ አካባቢ ሰዎች ነው። ዋልተር ባዴ እና ፍሪትዝ ዝዊኪ በ1934 ነው ጽፈው ያሳወቁት። ትልቅ ኮከብ ነዳጇን ስትጨርስ መሐሏ በሰከንድ ውስጥ ወደ ራሱ ይደረመሳል፤ የቀረው አካሏ በፍንዳታ ይበተናል። ዝዊኪ እዚህ ተራራ ላይ በትንሽ ቴሌስኮፕ ሰማዩን እያሰሰ በሕይወቱ ከ100 በላይ ሱፐርኖቫዎች አገኘ። ዛሬ በስሙ የሚጠራ ካሜራ እዚሁ ተራራ ላይ ሌሊት ሌሊት ሰማዩን ይቃኛል። በዚህ ሥራ ዓይነታቸው ተለይቶ የታወቀ ሱፐርኖቫዎች ከ10 ሺህ አልፈዋል። አንድ ሰው ዕድሜውን ሰጥቶ ያገኘውን ያህል ማሽኑ አሁን በወራት ያገኛል።

ማታ ካምፕ ቦታ ድንኳን ተከልን። የመጀመሪያውን ሙከራ እዚህ ልናደርግ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ደመናው መጣ። ሦስት ሰዓት ላይ አንድም ኮከብ አልነበረም። እማዬ ምንም አላለችም፤ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ተቀመጠች። ዝምታዋ ከበደኝ።

ስልኬን አውጥቼ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በ2023 ያነሳቸውን የካሲዮፒያ ኤ ፎቶዎች አሳየኋት። በንግሥቲቱ ህብረ ኮከብ ውስጥ ያለ የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ነው። መጀመሪያ የተገኘው በ1948 በሚያሰማው የራዲዮ ሞገድ ነበር። በዓይን የሚታየውን ጭላንጭሉን ፈልገው ያነሱት ቀን ላይ ባየነው በ5 ሜትሩ ቴሌስኮፕ ነው። 11 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። የፍንዳታው ብርሃን ምድር የደረሰው ከ340 ዓመት በፊት ገደማ፣ እኛ ዘንድ ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን ነው። በዚሁ ህብረ ኮከብ ውስጥ በ1572 ሌላ ሱፐርኖቫ ታይቷል። ያኛው በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ይታይ ነበር። ያኔ በኢትዮጵያ የነገሡት አፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው።

በዌብ ፎቶ ላይ ጫፍ ጫፉ ብርቱካናማና ቀይ ሆኖ እንደ ተቀደደ መጋረጃ ይጨማደዳል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ሮዝ ክሮች አሉ፤ እንደተፈተለ ድር የቀጠኑ። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ ፎቶውን በጣት እያሰፋን ብዙ ቆየን። ቻንድራ የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ እዚህ ፍርስራሽ ውስጥ ያለውን ነገር መዝኗል። ብረቱ ብቻ 70 ሺህ ምድርን ያህላል። ኦክስጅኑ አንድ ሚሊዮን ምድር። በ2025 ደግሞ ከዚሁ ቴሌስኮፕ አንድ አዲስ ነገር ተሰማ። ኮከቧ ልትፈነዳ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሯት የውስጥ ንብርብሮቿ ተናውጠው እርስ በርስ ተደባልቀው ነበር።

እማዬ ደም ማነስ አለባት። ማታ ማታ የአይረን ክኒን ትውጣለች። ብረት የሚለውን ስትሰማ ቦርሳዋን ከፍታ ክኒኑን መዳፏ ላይ አደረገችው።

«ይሄም?»

«ይሄም። ከዚችኛዋ አይደለም እማዬ፤ ፀሐይ ሳትፈጠር በፊት ከፈነዱ ሌሎች ኮከቦች ነው። ደምሽ ውስጥ ያለውም እንደዚያው።»

ክኒኑን በስልኩ ብርሃን አገላብጣ አየችው። ውሃ አቀበልኳት። ዋጠችውና ተኛች።

ቀን 4፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ መንገድ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና ነው፤ ግራና ቀኙ እርሻ ብቻ። ማታ ሳን ሆዜ ደረስን። ወንድሜ ዶሮ አሠርቶ ጠበቀን። እማዬ ጀበናዋን ፈትታ፣ ስንጥቅ እንዳላት በጣቷ ዙሪያዋን ዳሰሰች። ደህና ናት።

ቀን 5፣ እሑድ

ጠዋት እማዬ ቡናውን ቆላች፣ ወቀጠች፣ አፈላች። አቦሉን ግን አልቀዳችልንም። «ይሄ የማታ ነው» ብላ በፔርሙስ ሞላችው። ፈንድሻውን በፌስታል ቋጠረች። ካሊፎርኒያ በዚህ ወቅት ደረቅ ስለሆነች ውጭ እሳት ማንደድ አይታሰብም።

ወደ ሊክ ኦብዘርቫቶሪ የሚወስደው መንገድ የተጠረገው በ1870ዎቹ በፈረስ ለሚጎተት ጋሪ ነው። ፈረሶቹ እንዳይደክሙ አቀበቱን አለዝበው፣ በምትኩ መቶ ቦታ አጠማዘዙት። ላይ ሲደርሱ ትልቁ የሌንስ ቴሌስኮፕ አለ። በ1888 ሥራ የጀመረ ነው። ቱቦው 17 ሜትር ይረዝማል፤ ሌንሱ 91 ሴንቲ ሜትር። ገንዘቡን የሰጠው ጄምስ ሊክ አናጢ ሆኖ ጀምሮ በመሬት የከበረ ሰው ነበር። የተቀበረው ከቴሌስኮፑ ምሰሶ ሥር ነው።

«ያሠራው ቤት ውስጥ ነዋ» አለች እማዬ። ለእሷ ይሄ የታወቀ ነገር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ያሠራ እዚያው ያርፋል።

ከዚያ ወደ 3 ሜትሩ ቴሌስኮፕ ሄድን። መስተዋቱ መጀመሪያ የፓሎማርን መስተዋት ለመፈተሻ ተብሎ የተሠራ ብርጭቆ ነው። ዓርብ ያየነው ታናሽ ወንድሙን እዚህ አስቀምጦታል። በዚህ ተራራ በተሠራ ሥራ ነው በ1996 ኡፕሲሎን አንድሮሜዳ በምትባል ኮከብ ዙሪያ ፕላኔት የተገኘው። በ1999 ሁለት ተጨመሩ። እንደ ፀሐይ ባለች ኮከብ ዙሪያ ከአንድ በላይ ፕላኔት መኖሩ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ነበር።

የማይታይ ፕላኔት የሚገኝበትን ዘዴ ለእማዬ ያስረዳት ወንድሜ ነው። የጎረቤቱን ትንሽ ልጅ ሁለት እጁን ይዘው ሲያሽከረክሩት አስቢ አላት። ልጁ ይዞራል። አንቺ ግን ቀጥ ብለሽ አትቆሚም፤ ትንሽ ትወዛወዣለሽ። ልጁ ባይታይ እንኳ መወዛወዝሽን ያየ ሰው አንድ ነገር እንደያዝሽ ያውቃል። ኮከብም እንዲሁ ናት። ወደኛ ስትመጣ ብርሃኗ በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ፣ ስትርቅ ወደ ቀይ ያደላል። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ብርሃኑን በአዮዲን እንፋሎት ውስጥ አሳልፈው፣ አዮዲኑ የሚተዋቸውን መስመሮች እንደ ማስመሪያ ይጠቀማሉ። በ2009 ይፋ የሆነችው አቦልም የታወቀችው በዚሁ የመወዛወዝ ዘዴ ነው። ከጁፒተር 4 እጥፍ በላይ ትከብዳለች። ኮከቧን አንዴ ለመዞር ሁለት ዓመት ተኩል አልፎ ይፈጅባታል። መንገዷ ክብ ሳይሆን የተለጠጠ ነው።

ከሰዓት በሩ ሲዘጋ ወደ ከተማ አልተመለስንም። ተራራውን በምሥራቅ በኩል ወርደን ሳን አንቶኒዮ ሸለቆ ገባን። የሳን ሆዜ መብራት ተራራው ጋርዶት ቀረ። የእጅ ባትሪውን ቀይ ፌስታል አልብሰን፣ ስልክ አጥፍተን፣ ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን።

ሰማዩ ሞላ። ፍኖተ ሐሊብ ከአድማስ አድማስ ተዘረጋ። እማዬ አንገቷን ወደኋላ ጥላ፣ «ላስታ እንዲህ ነበር» አለች። «አቡነ ዮሴፍ ሥር።» አቡነ ዮሴፍ ተራራ ለትልቅ ቴሌስኮፕ ይሆናል ተብሎ ሲጠና እንደቆየ ነገርኳት። ቁመቱ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ራሳቸው 3,200 ሜትር ላይ ናቸው፤ በዚህ ሳምንት ከወጣናቸው ተራሮች ሁሉ ይበልጣል። ያ ተራራ ጉልላቱን ሲያገኝ ባየው ደስ ይለኛል። ከልቤ ነው።

ከዚያ ፍለጋ። መጀመሪያ አልማክን አገኘሁ፤ የአንድሮሜዳ እግር ናት። ከእሷ በታች አልጎል አለች፤ ፐርሴውስ በእጁ የያዘው፣ ሜዱሳ የምትባለው ጭራቅ ራስ። በሁለቱ መካከል ባይኖኩላሩን ሳዞር ኤም 34 የሚባለው የኮከቦች እጅብ ገባልኝ። ነጭ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። ከእሱ ወደ ላይና ወደ ቀኝ፣ የሙሉ ጨረቃ ስፋት ሁለት እጥፍ ትንሽ አለፍ ሲል፣ ካርታው ላይ ያከበብኳት ነጥብ። ኮከቦቹን አንድ በአንድ ከካርታው ጋር አስተያየሁ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ናት።

እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ባይኖኩላሩን በመኪናው ጣሪያ ላይ በትራስ አስደግፌ እማዬን ጠራኋት።

«የቷ ናት?»

«መሐል ያለችው። ትንሿ።»

ቆየች። «አየኋት» አለች። «ትንሽ ናት።»

«ሩቅ ሆና ነው። 196 የብርሃን ዓመት። አሁን ዓይንሽ የገባው ብርሃን የተነሳው በዘመነ መሳፍንት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ገና ልጅ ሆነው።»

«አቦልስ?»

«አቦል አትታይም እማዬ። በኮከቧ መወዛወዝ ብቻ ነው የምትታወቀው።»

«ታዲያ ቡናስ ከሩቅ በሽታው አይደል የሚታወቀው» አለችኝ፣ ዓይኗን ከባይኖኩላሩ ሳታነሳ።

ወንድሜ ፔርሙሱን ከፍቶ በጨለማ በዳበሳ ሦስት ሲኒ ቀዳ። እንፋሎቱ አልታየንም፤ ሽታው ግን መኪናውን ከበበው። ሌላ ፕላኔት ቢገኝስ ምን ይሏታል ብሎ ጠየቀ። እማዬ «ቶና ነዋ» አለች። ሲኒዋን በአንድ እጇ ተቀብላ በሌላው ባይኖኩላሩን ያዘች። ፔርሙሱ እስኪያልቅ ድረስ አልመለሰችልንም።